ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ
ቅደም ተከተል ባላቸው ምድቦች ላይ የሚታይ አዝማሚያ በስታቲስቲክስ ሶፍትዌር እንዴት ይፈተሻል?

ሰው የሚያጠናውን ነገር በምድብ ሲከፍል ከምድቦቹ አንዳንዶቹ ጎን ለጎን የሚቀመጡ እንጂ አንዱ ከሌላው በላይ ወይም በታች የማይባሉ ናቸው፤ የደም ዓይነትና የትውልድ ቦታ ከነዚህ ይቆጠራሉ። ሌሎቹ ግን በባሕርያቸው ደረጃ አላቸው፤ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ የሚለው የኢትዮጵያ አከፋፈል ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚወጣ ነው፤ ሕመምን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብሎ መመደብም፣ የትምህርትን መጠን ካልተማረ አንሥቶ እስከ ከፍተኛ ትምህርት ድረስ መደርደርም እንደዚሁ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እንዲህ ያሉትን ቅደም ተከተል ያላቸው ምድቦች ይሏቸዋል፤ እዚህ ባጭሩ እርከኖች ይባላሉ። እርከን ባለበት ቦታ የሚጠየቀውም ጥያቄ ይለወጣል፤ በምድቦቹ መካከል ልዩነት አለ ወይ ከማለት ይልቅ፣ ከእርከን ወደ እርከን በተወጣ ቁጥር የሚጠናው ነገር እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ይሄዳል ወይ ማለት ይገባል። ይህ ሁለተኛው የአዝማሚያ ጥያቄ ነው፤ ሊመለስ የሚችለውም ቅደም ተከተሉ ራሱ እንደ ዕውቀት ተቆጥሮ ወደ ስሌቱ ሲገባ ብቻ ነው። ይህ ዕውቀት ያለው በአጥኚው አእምሮ ውስጥ ስለሆነ፣ ካልተነገረው በቀር ኮምፒውተሩ አያውቀውም።

በምድብ የተቆጠሩ ነገሮችን ለማነጻጸር ከሁሉ ይበልጥ የተለመደው ስሌት ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ያቀረበው የካይ ስኩዌር ፍተሻ ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፍተሻው በእያንዳንዱ የሠንጠረዥ ክፍል ውስጥ በተግባር የተቆጠረውን፣ ምንም ግንኙነት ባይኖር ኖሮ ሊጠበቅ ከሚችለው ቁጥር ጋር ያነጻጽርና ልዩነቶቹን ወደ አንድ ቁጥር ይሰበስባል። ጠቃሚነቱ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን እርከንን አያይም። የሠንጠረዡ ዓምዶች ቢቀያየሩ፣ ከባድ የሚለው መጀመሪያ፣ ቀላል የሚለው መጨረሻ፣ መካከለኛ የሚለውም ከፈለጉት ቦታ ቢቀመጥ፣ ውጤቱ በአንዲት ነጥብ እንኳ አይለወጥም።

ይህ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ፒተር አርሚቴጅ የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1955 ባዮሜትሪክስ በተባለው መጽሔት ላይ ካወጣው ጽሑፍ የተወሰደውን ሠንጠረዥ መመርመር ይበጃል። መረጃው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ የተባለውን ባክቴሪያ ስለሚሸከሙና ስለማይሸከሙ 1398 ልጆች የሚናገር ነው፤ ይህ ባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም ካስከተለ በኋላ በጊዜ ካልታከመ የልብ በሮችን ወደሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ሊያደርስ የሚችል በመሆኑ ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ልጆቹ በቶንሲላቸው መጠን በሦስት እርከን ተመድበዋል። ቶንሲላቸው ካላበጠ 516 ልጆች ባክቴሪያውን የተሸከሙት 19፣ ካበጠ 589 ልጆች 29፣ በጣም ካበጠ 293 ልጆች ደግሞ 24 ነበሩ፤ በመቶኛ ሲሰላ 3.7፣ 4.9 እና 8.2 መሆኑ ነው። የተለመደው ካይ ስኩዌር በዚህ ሠንጠረዥ ላይ 7.88 ይሰጣል፤ የፒ ዋጋውም 0.019 ነው። የፒ ዋጋ የሚባለው፣ በእውነቱ ምንም ግንኙነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊታይ የሚችልበት ዕድል ነው። የአዝማሚያው ፍተሻ በበኩሉ 7.19 ይሰጣል፤ ቁጥሩ ከፊተኛው ያነሰ ሆኖ ሳለ የፒ ዋጋው ግን 0.007 ነው፤ ማለትም ማስረጃው ጠንክሯል እንጂ አልላላም።

ያነሰ ቁጥር የበረታ ማስረጃ የሚሆንበት ምክንያት የነፃነት ዲግሪ በሚባለው ነገር ላይ ነው። ሁለት ረድፍና ሦስት ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ የየረድፉና የየዓምዱ ድምር ከታወቀ በኋላ በነፃነት ሊለወጡ የሚችሉት ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ የተለመደው ፍተሻ ሁለት የነፃነት ዲግሪ አለው፤ ልዩነትንም በማንኛውም አቅጣጫ ይፈልጋል። የአዝማሚያው ፍተሻ የሚፈልገው በአንድ አቅጣጫ መስመር ላይ ብቻ፣ ማለትም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሄድ ለውጥን ስለሆነ የነፃነት ዲግሪው አንድ ነው፤ ኃይሉን ሁሉ በዚያው መስመር ላይ ያውለዋል። ልዩነቱ በዚያ መስመር ላይ ከሆነ ፈጥኖ ያገኘዋል፤ በሌላ በኩል ከሆነ ግን ሊስተው ይችላል። ይህን ፍተሻ ዊልያም ኮክራን በ1954፣ አርሚቴጅም በዓመቱ ስላቀረቡት የኮክራን-አርሚቴጅ ፍተሻ ተብሎ በሁለቱ ስም ይጠራል።

አሠራሩ በእጅ ሊከተሉት የሚቻል ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚሰጠውን ቁጥር በጭፍን ከመቀበል የሚያድነውም አንድ ጊዜ በእጅ ሠርቶ ማየት ነው። ከ1398 ልጆች ተሸካሚዎቹ በጠቅላላው 72፣ ማለትም 5.15 በመቶ ስለሆኑ፣ የቶንሲል መጠን ለውጥ ባያመጣ ኖሮ በሦስቱ እርከኖች 26.58፣ 30.33 እና 15.09 ተሸካሚዎች ይጠበቁ ነበር። የተገኙት 19፣ 29 እና 24 በመሆናቸው በመጀመሪያው እርከን 7.58፣ በሁለተኛው 1.33 ጎድሎ፣ በሦስተኛው 8.91 ተርፏል። የተለመደው ካይ ስኩዌር እነዚህን ልዩነቶች በራሳቸው ስለሚያባዛቸው ጉድለትና ትርፍ አንድ ይሆኑበታል፤ የትኛው እርከን ላይ እንደታዩም ይረሳል። የአዝማሚያው ፍተሻ ግን ለእያንዳንዱ እርከን ነጥብ ይሰጣል፤ ለመጀመሪያው ከዜሮ በታች 1፣ ለመካከለኛው ዜሮ፣ ለመጨረሻው 1 ቢሰጥ፣ እያንዳንዱን ልዩነት በነጥቡ አባዝቶ ሲደምር 16.49 ያገኛል። ጉድለቱና ትርፉ ያለ ሥርዓት ተበታትነው ቢሆን ኖሮ እርስ በርሳቸው ይጣፉ ነበር፤ ከዝቅተኛው እርከን ጎድለው በከፍተኛው ስለተረፉ ግን ተደማመሩ። ይህ ድምር በራሱ ተባዝቶ፣ አጋጣሚ ብቻውን ሊያመጣው ለሚችለው መዋዠቅ መለኪያ ለሆነው 37.78 ሲካፈል 7.19 ይወጣል። ከ7.88 ላይ 7.19 ሲቀነስ የሚቀረው 0.69 ደግሞ ከቀጥተኛ መስመር ያፈነገጠው ክፍል ነው፤ እዚህ ግባ የማይባል በመሆኑ በሦስቱ እርከኖች መካከል የታየው ልዩነት ከሞላ ጎደል ሁሉም አዝማሚያ ነው ማለት ይቻላል።

ነጥብ አሰጣጡ የፍተሻው ስስ ብልት ነው። 1፣ 2፣ 3 ቢሰጥ ወይም 10፣ 20፣ 30 ውጤቱ አይለወጥም፤ ዋናው ነገር በነጥቦቹ መካከል ያለው የርቀት ምጣኔ ስለሆነ። ርቀቱ ሲለወጥ ግን ውጤቱም ይለወጣል። በጣም ያበጠ ቶንሲል ካበጠው በእጅጉ ይርቃል ተብሎ 0፣ 1፣ 3 ቢሰጥ ፍተሻው 7.84 ይደርሳል፤ ትልቁ ርቀት ባላበጠውና ባበጠው መካከል ነው ተብሎ 0፣ 2፣ 3 ቢሰጥ ወደ 6.03 ይወርዳል። ሦስቱም አዝማሚያ መኖሩን ቢመሰክሩም የምስክርነታቸው ጥንካሬ አንድ አይደለም። እርከኑ ከሚለካ ነገር የተወሰደ ከሆነ፣ ለምሳሌ በቀን የሚጨሰው ሲጋራ ብዛት ወይም የቦታ ከፍታ በሜትር ከሆነ፣ የየእርከኑን መካከለኛ ልክ ነጥብ ማድረግ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ መለኪያ ከሌለ እኩል ርቀት መስጠት የተለመደ ነው። አጥኚው ውጤቱን ካየ በኋላ ትልቁን ቁጥር የሚሰጠውን ነጥብ መምረጡ ግን፣ ስሌቱ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ በአንባቢ ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ የፒ ዋጋ ትርጉም የሚኖረው ነጥቡ መረጃው ከመታየቱ በፊት ተወስኖ ከተጻፈ ብቻ ነውና።

በዘመናችን ይህን ሁሉ ስሌት ሶፍትዌር በቅጽበት ይሠራዋል። አር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ፕሮፕ ትሬንድ ቴስት የሚባለው ትእዛዝ ሁለት የቁጥር ረድፎችን ብቻ ይጠይቃል፤ አንደኛው በየእርከኑ የተገኙት ተሸካሚዎች፣ ሁለተኛው የየእርከኑ ጠቅላላ ብዛት ነው፤ ነጥብ ካልተሰጠው 1፣ 2፣ 3 እያለ በራሱ ይቆጥራል። ሳስ በተባለው ሶፍትዌር ፕሮክ ፍሪክ በሚለው ክፍል ውስጥ ትሬንድ የሚል ምርጫ አለ። ስታታ ከ17ኛው እትሙ ጀምሮ ኤንፒ-ትሬንድ በሚለው ትእዛዙ ሥር ከአንድ በላይ የአዝማሚያ ፍተሻዎችን አሰባስቧል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው ኤስፒኤስኤስ ደግሞ ክሮስታብ ሲሠራ ከካይ ስኩዌር በታች ሊኒየር ባይ ሊኒየር አሶሲዬሽን የሚል ረድፍ ያትማል፤ ብዙ ተማሪ ሳያየው የሚያልፈው ይህ ረድፍ ከኮክራን-አርሚቴጅ ፍተሻ ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው፤ ልዩነቱ በናሙናው ብዛት ፈንታ ከዚያ አንድ የጎደለውን ቁጥር መጠቀሙ ብቻ ስለሆነ በቶንሲሉ መረጃ ላይ ሁለቱም 7.19 ይሰጣሉ።

አደጋው ያለው ከትእዛዙ በፊት፣ ምድቦቹ በሚሰየሙበት ጊዜ ነው። መረጃው በቃል ተጽፎ ከገባ አር ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር ምድቦቹን በፊደል ተራ ይደረድራቸዋል። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ተብለው በአማርኛ የተጻፉ እርከኖች በፊደል ገበታችን ተራ ሲደረደሩ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ ይሆናሉ፤ መ ከከ፣ ከም ከዘ ይቀድማልና። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሥርዓት ከገባ ወዲህ በራሳችን ፊደል መረጃ መመዝገብ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የፊደሎቹን ተራ እንጂ የቃላቱን ትርጉም አይደለም። የአርሚቴጅ ሠንጠረዥ ያላበጠ፣ ያበጠ፣ በጣም ያበጠ በሚሉ የአማርኛ መጠሪያዎች ቢመዘገብና ተራው ለኮምፒውተሩ ባይነገረው፣ በጣም ያበጠ የሚለው መጀመሪያ፣ ያላበጠ ሁለተኛ፣ ያበጠ ሦስተኛ ይሆናል። በዚህ ተራ የተሠራው የአዝማሚያ ፍተሻ 2.62 ይሰጣል፤ የፒ ዋጋው 0.105 ነው። ያው መረጃ፣ ያው ስሌት፣ ያው ሶፍትዌር እያለ፣ በማስረጃ የጸናው አዝማሚያ የለም ተብሎ ይጻፋል። ከሁሉ የሚከፋው ሶፍትዌሩ በዚህ ጊዜ ምንም ዓይነት የስሕተት ማስጠንቀቂያ አለማሳየቱ ነው፤ ከርሱ በኩል የተጠየቀውን ሠርቷል።

ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚሉት ስሞች በፊደል ተራ ሲደረደሩ ከከፍታቸው ተራ ጋር መገጣጠማቸው የሚያስገርም ነው፤ ቀ፣ ወ እና ደ በገበታው ላይ የሚመጡት በዚሁ ተራ ነውና። ነገር ግን አከፋፈሉ አምስት ሆኖ በረሃና ውርጭ ሲጨመሩ ዕድሉ ያበቃል፤ በፊደል ተራ ቆላ፣ በረሃ፣ ወይና ደጋ፣ ውርጭ፣ ደጋ ይመጣሉ፤ በከፍታ ተራ ግን በረሃ ከታች፣ ውርጭ ከላይ መሆን ነበረባቸው። በሦስቱ ስም ሠርቶ ልክ ያገኘ አጥኚ በአምስቱም ልክ እንደሚያገኝ አምኖ ሊቀጥል ይችላል፤ በአጋጣሚ የቀና ሥራ እንዲህ ከስሕተት ይበልጥ ያዘናጋል። መድኃኒቱ አጭር ነው፤ የእርከኖቹን ተራ በግልጽ ጽፎ ለሶፍትዌሩ መስጠትና ከፍተሻው በፊት ሠንጠረዡን አሳትሞ ዓምዶቹን በዓይን ማንበብ። እርከኖች በቁጥር ሲመዘገቡም ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ መጠይቆች መልስ ላልሰጠ ሰው 9 ወይም 99 ይመዘግባሉ፤ ኤስፒኤስኤስ የምድቡን ቁጥር ራሱን እንደ ነጥብ ስለሚወስድ፣ 9 መልስ የጎደለበት ምልክት መሆኑ ካልተነገረው መልስ ያልሰጡትን ሰዎች ከሁሉ በላይ ያለ እርከን አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

እስካሁን የተባለው የሚጠናው ነገር አለ ወይም የለም በሚባልበት ጊዜ ነው። የሚጠናው እንደ ደም ግፊት ወይም እንደ ፈተና ውጤት በልክ የሚገለጽ ሲሆን፣ በተለይም ልኮቹ ያልተስተካከለ ስርጭት ሲኖራቸው፣ ቴርፕስትራ በ1952፣ ጆንክሂርም በ1954 በየፊናቸው የደረሱበት ፍተሻ ያገለግላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በየእርከኑ ያለ እያንዳንዱ ሰው ከርሱ በላይ ባሉት እርከኖች ሁሉ ካለ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ይነጻጸራል፤ የላይኛው የበለጠባቸው ጥንዶች ይቆጠራሉ፤ እኩል የሆኑት በግማሽ ይያዛሉ። ሦስት እርከን በየእርከኑም ሦስት ሰው ቢኖር ጥንዶቹ 27 ስለሚሆኑ፣ አዝማሚያ ከሌለ ወደ 13.5 የሚጠጋ ቁጥር ይጠበቃል፤ ቁጥሩ ወደ 27 በቀረበ መጠን ወደ ላይ የሚሄደው አዝማሚያ ይጠነክራል። ይህ ፍተሻ ለእርከኖቹ ተራ እንጂ ነጥብ ስለማይጠይቅ ከነጥብ አመራረጥ ክርክር ያወጣል።

የትኛውም የአዝማሚያ ፍተሻ ግን ወጥቶ የሚወርድን ነገር ሊስተው ይችላል። ሲወለዱ ክብደታቸው በጣም ያነሰ ሕፃናትም፣ ክብደታቸው ከልክ በላይ የበዛም ከመካከለኞቹ ይልቅ ለሞት አደጋ የተጋለጡ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ የክብደቱ እርከን በአዝማሚያ ፍተሻ ቢመረመር የግራው ጫፍ ከቀኙ ጋር ተጣፍቶ አዝማሚያ የለም የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ የተለመደው ካይ ስኩዌር ግን ልዩነቱን ያየዋል። ስለዚህ የአዝማሚያው ውጤት ከመስመር ያፈነገጠውን ከሚለካው ክፍል ጋር አብሮ ሊነበብ፣ ከሁለቱም በፊት የየእርከኑ መቶኛ በሥዕል ሊታይ ይገባል።

አዝማሚያ መኖሩ መንሥኤን እስከምን ድረስ ያሳያል የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በ1950 ባወጡት ጥናት በለንደን ሆስፒታሎች የነበሩ የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን ከሌሎች ሕሙማን ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ክርክራቸውን ካጸኑላቸው ነገሮች አንዱ የሚጨሰው ትንባሆ በበዛ ቁጥር የበሽታው አደጋም አብሮ ማደጉ ነበር። ብራድፎርድ ሂል በ1965 ባደረገው ንግግር ግንኙነትን መንሥኤ ብሎ ከመጥራት በፊት ሊመረመሩ ይገባል ካላቸው ዘጠኝ ነገሮች መካከል ይህን ከመጠን ጋር የማደግ ጠባይ አንዱ አደረገው። ከዘጠኙ አንዱ መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም። በቶንሲሉ ሠንጠረዥ ላይ ፍተሻው ባክቴሪያው ቶንሲልን ያሳብጥ ወይስ ያበጠ ቶንሲል ባክቴሪያውን ያስጠጋ፣ ወይስ ዕድሜ ሁለቱንም በአንድነት ይለውጥ አይናገርም፤ ረድፉና ዓምዱ ቦታ ቢለዋወጡ ያው 7.19 ነው።

በኢትዮጵያ ከፍ ያለ ትኩረት የተሰጠው አንድ አዝማሚያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የ2006 የዕድገት መለኪያ ሲሰላ፣ በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎቹ የተገኘው መቶኛ በ2000 58፣ በ2005 51፣ በ2011 44፣ በ2016 38 ነበር። እዚህ እርከኖቹ ዓመታት ናቸው፤ የዳሰሳዎቹ ርቀትም 5፣ 6 እና 5 ዓመት ስለሆነ ትክክለኛው ነጥብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሳይሆን 0፣ 5፣ 11፣ 16 ነው። የኮክራን-አርሚቴጅ ፍተሻ እንዲሁ ቢሠራበት ግን የተሳሳተ እርግጠኝነት ያሳድራል፤ ፍተሻው እያንዳንዱ ሕፃን ለብቻው በዕጣ እንደተመረጠ ይቆጥራል፤ ዳሰሳው ግን መጀመሪያ የቆጠራ ቦታዎችን፣ ቀጥሎ በየቦታው ያሉ ቤተሰቦችን የሚመርጥ በመሆኑ፣ በአንድ ቦታ የሚኖሩ ሕፃናት ደግሞ በምግብም በውሃም ስለሚመሳሰሉ፣ መቶ ጎረቤታሞች የሚሰጡት መረጃ ከየአገሩ የተለቀሙ መቶ ሕፃናት የሚሰጡትን አያህልም። ስታታም አርም ለእንዲህ ዓይነቱ ናሙና የተዘጋጁ ትእዛዞች አሏቸው፤ የመረጣ ክብደቱና የቆጠራ ቦታው ከተነገራቸው በኋላ ዓመቱን እንደ ቁጥር አስገብቶ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን መሥራት ተገቢው መንገድ ነው፤ የኮክራን-አርሚቴጅ ፍተሻም በመሠረቱ የዚሁ ሞዴል ቀላል መልክ ነው።

እንዲህ ባለ ሰፊ ናሙና ላይ የፒ ዋጋው እጅግ ትንሽ መሆኑ የማይቀር ስለሆነ ለአንባቢ የሚነግረው ጥቂት ነው፤ ሪፖርት ሊደረግ የሚገባው የቁልቁለቱ ልክ ነው። መቀንጨር በ16 ዓመት 20 የመቶኛ ነጥብ መቀነሱ በዓመት 1.25 ነጥብ መሆኑ ነው፤ በክፍል በክፍል ሲታይ ግን እስከ 2005 በዓመት 1.4፣ ከዚያ እስከ 2011 1.17፣ ከዚያ እስከ 2016 1.2 ነበር። አራቱን ዳሰሳዎች በእኩል ርቀት ያስቀመጠ ስሌት የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ክፍል ፍጥነት አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሁለቱም በ7 ነጥብ ወርደዋልና።